ላልታዘዘ ሥራ የሚገዛ ብሩሽ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ በአይፓድና በፎቶሾፕ የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ የጥሪ ካርድ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። አንዳንዴም ለልጆች የአማርኛ መጽሐፍ ሥዕል እሥላለሁ። ችግሬ የዲጂታል ብሩሽ፣ የፎንት (የፊደል ቅርጽ)፣ የአበባ ሥዕልና የካርድ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ንድፍ) ጥቅል አይቼ ማለፍ አለመቻሌ ነው። «90 በመቶ ቅናሽ፣ ዛሬ ሌሊት ያበቃል» የሚል ኢሜይል ከመጣ እንቅልፍ የለኝም። በ14 ወር ውስጥ 1,860 ዶላር አውጥቻለሁ። ዛሬ ከ11,000 በላይ ብሩሽና 420 ፎንት አለኝ፤ ከፎንቶቹ የተጠቀምኩባቸው ቢበዛ 6 ናቸው። በዚያው ጊዜ 19 ሥራ ሠርቼ ያገኘሁት 2,375 ዶላር ነው። 640 ዶላሩ አሁንም ክሬዲት ካርዴ ላይ አለ፤ ባለቤቴ አያውቅም። ስገዛ ሥራ የሠራሁ ያህል ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ግን ፋይሉን እንኳ አልከፍተውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ብሩሽ የበዛባት

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ቁጥሮቹን ሳትሸሽጊ ስለጻፍሽልን እናመሰግንሻለን። ባትጽፊልን ኖሮ በደፈናው «ገንዘብሽን ያዢ» ከማለት አናልፍም ነበር። ከራስሽ ቁጥር እንነሣ።

የ19 ሥራ ገቢሽ 2,375 ዶላር ከሆነ አንዱ ሥራ 125 ዶላር አስገብቶልሻል። ለግብዓት ያወጣሽው 1,860 ለ19 ሲካፈል ለአንድ ሥራ 98 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ከአንድ ካርድ እጅሽ ላይ የቀረው 27 ዶላር ነው። የፎቶሾፕ ወርሃዊ ክፍያ፣ የሙከራ ኅትመት፣ አምሽተሽ የደከምሽበት ሰዓት ገና አልተቀነሰም። ደንበኞችሽ አላከሰሩሽም፤ ያከሰረሽ ማንም ላላዘዘው ሥራ ዕቃ መግዛትሽ ነው። ከዚህ በታች የምንልሽ ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚነሣ ነው፦ መጀመሪያ ሥራው ይምጣ፣ ዕቃው ይከተለው።

ስትገዢ ደስ የሚልሽ ለምን እንደሆነ እንረዳለን። ቀኑን ሙሉ ስትደክሚ ውለሽ ባዶ ሸራ ፊት መቀመጥ ከባድ ነው። የመጀመሪያው መስመር ሊበላሽ ይችላል፤ ግዢ ግን አይበላሽም፣ በሁለት ንክኪ ያልቃል። በዚያ ላይ የምታዪው የማስታወቂያ ሥዕል በዓይነ ሕሊናሽ ያንቺ ካርድ ሆኖ ይታይሻል። ያን ሥዕል የሠራው ግን ብሩሹ አይደለም፤ ዓመታት የሠለጠነ እጅ፣ የተመረጠ ቀለምና ሰዓታት የፈጀ ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ የብሩሽ ጥቅል ሲያጓጓሽ ያለቀውን ሥዕል እለፊውና በነጭ ወረቀት ላይ የተሰመሩትን ባዶ መስመሮች ፈልጊ። ሻጩ እነሱን ካላሳየ አትግዢ። ካሳየ ደግሞ አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት፣ አንድ ጊዜ ጫን ተብሎ የተሰመረ መኖሩን እይ። የብሩሽ ጠባይ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

የብሩሽን ሆድ ዕቃ ብታዪው ደግሞ ጉጉትሽ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሮክሪኤት በተባለው የአይፓድ የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ አንድ ብሩሽ በዋናነት ከሁለት ሥዕሎች ይሠራል። አንደኛው የጫፉ ቅርጽ ነው፤ ፕሮግራሙ ሼፕ ይለዋል። ሁለተኛው በመስመሩ ውስጥ የሚታየው ሻካራነት ነው፤ እሱ ግሬይን ይባላል። የቀረው ሁሉ ቁጥር ነው፦ የጫፎቹ መራራቅ፣ የእስክሪብቶው ግፊት፣ የመስመሩ መቅጠን። የተመረጠውን ብሩሽ ደግመሽ ስትነኪው ብሩሽ ስቱዲዮ ይከፈታል። ዛሬ ማታ ከጥቅሎችሽ አንዱን አንሥተሽ 20 ብሩሽ ክፈቺና የእያንዳንዱን ሼፕና ግሬይን ወረቀት ላይ አስፍሪ። ስንት የተለያየ ሥዕል እንዳገኘሽ ቁጠሪ። ብዙ ጊዜ «120 ብሩሽ» የተባለው ጥቅል ውስጥ ጥቂት ቅርጾች ቁጥራቸው እየተቀያየረ ደጋግመው ይመጣሉ። ሻጩ አላጭበረበረሽም፤ አንቺም ብሩሹን አባዝተሽ ቁጥሩን ብትቀይሪ ያንኑ ታገኚ ነበር ለማለት ነው።

ያለሽንም አትርሺ። ፕሮክሪኤት ራሱ ከ200 በላይ ብሩሽ ይዞ ነው የሚመጣው። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ ደግሞ በ2017 የሠዓሊውን የካይል ዌብስተርን ብሩሾች ገዝቶ ለፎቶሾፕ ተመዝጋቢዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ አድርጓቸዋል። ከ1,000 በላይ ናቸው፤ በብሩሽ ሰሌዳው ምናሌ «ጌት ሞር ብራሽስ» የሚለውን ስትጫኚ ታገኛቸዋለሽ። ወርሃዊ ክፍያ የምትከፍዪ ከሆነ ዋጋቸውን አስቀድመሽ ከፍለሻል። እነሱንም ግን ዛሬውኑ በጅምላ አታውርጂ፤ እንዳሉ ማወቅሽ ይበቃል።

«ዛሬ ሌሊት ያበቃል» ስለሚለው ሰዓት ቆጣሪ አንድ ቀላል ፈተና እንንገርሽ። ያንኑ ገጽ በአሳሽሽ የግል መስኮት ክፈቺው። ቆጣሪው እንደ አዲስ ከጀመረ የሚቆጥረው የቅናሹን ሰዓት ሳይሆን አንቺ የገባሽበትን ሰዓት ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አንልም፤ እውነተኛ ቅናሽም አለ። እውነተኛውም ቢሆን ግን ይመለሳል። ማመን ካቃተሽ ደብተር ላይ የጥቅሉን ስም፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፈሽ ለሦስት ወር ተከታተዪው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ላንቺ ሥራ የተለየ ነገር አለና። አንቺ የምትሠሪው የአማርኛ ካርድ ነው። ፎቶሾፕ ከፍተሽ «ሰላማዊት እና ዮናስ ቋ ጓ ጭ ፄ ፤ ። ፩» ብለሽ ጻፊና ከገዛሻቸው የሠርግ ፎንቶች አንዱን ምረጪ፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። የፊደሉ ቅርጽ ካልተለወጠ ወይም ባዶ ሳጥን ከመጣ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም። ቅርጹ ሳይለወጥ የምታዪው ፊደል ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያመጣልሽ ነው። ከ420ዎቹ ስንቶቹ ይህን ፈተና እንደሚያልፉ ቆጥረሽ ጻፊ፤ ቁጥሩ እንዳያስደነግጥሽ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መቶ የማይሞላ ቅርጽ ይበቃል። ለአማርኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋል። ለእያንዳንዱ ቅርጽ እጅ መድከም አለበት፤ በሺህ ፎንት የታጨቀ ጥቅል ውስጥ ግዕዝ የማይገኘው ለዚህ ነው። ከዩኒኮድ (ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት) በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶችም ቢያጋጥሙሽ ተጠንቀቂ። እነሱ የግዕዙን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ ደንበኛሽ በስልክ የላከችልሽን ስም ስትለጥፊባቸው አይቀበሉም፣ እንደገና መተየብ ይኖርብሻል፤ እንደገና ሲተየብ ደግሞ የሙሽራ ስም ይሳሳታል።

ለካርዱ ዝርዝር ጽሑፍ፣ ማለትም ለቀኑ፣ ለአዳራሹና ለቤተሰቡ ስም፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባሉ ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። ሁለቱም ከቀጭን እስከ ደንዳና 9 የውፍረት ደረጃ አላቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም አለ፤ እሱ ባለ አንድ ውፍረት ነው፣ ጠባዩ ወደ ብራና ጽሑፍ ያደላል። ሦስቱም ለገበያ በሚውል ሥራ እንድትጠቀሚባቸው የሚያስችል ክፍት ፈቃድ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ፎንቱ የራሱ ደንዳና ከሌለው ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያወፍረው አታድርጊ። የዐ፣ የፀና የጭ ክፍት ቦታ ይደፈናል፤ ስክሪን ላይ ደህና ቢመስልም በ9 ነጥብ ሲታተም ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

ለሙሽሮቹ ስም ግን ፎንት አያስፈልግሽም። «ሰላማዊት» 5 ፊደል፣ «ዮናስ» 3 ፊደል ናቸው። ስምንት ፊደል! 30 ዶላር አውጥተሽ የማያነብብ ፎንት ከምትገዢ ስምንቱን በእጅሽ ጻፊያቸው። የሚያስፈልግሽ አንድ የመቃ ብሩሽ ነው፤ እሱንም ራስሽ ትሠሪዋለሽ።

የግዕዝ ፊደል በመቃ ብዕር ሲጻፍ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ይሆናል። ይህ የሚመጣው የመቃው ጫፍ ጠፍጣፋ ስለሆነና ጠፍጣፋው አግድም ተኝቶ ስለሚሄድ ነው፤ ወደ ታች ሲጎተት ሙሉ ስፋቱ ይታተማል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን ጠርዙ ብቻ። ፕሮክሪኤት ውስጥ ከቀለም ብዕሮቹ አንዱን ቀለል ያለውን አባዢና ቅጂውን ክፈቺ። የሼፑን ክብ ሥዕል ከላይና ከታች ጨፍልቀሽ አግድም የተኛ ጠፍጣፋ አድርጊው፤ ውፍረቱ ከስፋቱ አንድ አምስተኛ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ሮቴሽን የሚለውን ዜሮ ላይ አቁሚው። የጫፎቹን መራራቅ የሚወስነውን ስፔሲንግ ወደ ዝቅተኛው አውርጂው። ግፊት መጠኑን እንዳይለውጥ፣ የግፊቱን ሳይዝ ዜሮ አድርጊው። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን ስትሪምላይን መካከለኛ ላይ ተዪው፤ በጣም ከጨመርሽው የአንገቱ መታጠፊያ ሁሉ ይለሰልስና ፊደሉ ኑድል ይመስላል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሮቴሽኑ መስመሩን እንዲከተል ከሆነ ጫፉ ከእጅሽ ጋር ይዞራል፤ አግድሙም ቋሚውም እኩል ይወፍራል፣ የመቃው መልክ ይጠፋል። ስፔሲንጉ ከፍ ካለ መስመሩ እንደ ጨሌ ይቆራረጣል። ግፊቱ መጠን የሚቀይር ከሆነ ደግሞ የ«ላ» ሁለት እግሮች የተለያየ ውፍረት ይኖራቸዋል፤ ግዕዝ ላይ ይህ እንደ ስሕተት ነው የሚታየው። ሦስቱን ከያዝሽ ብሩሹ በ10 ደቂቃ ያልቃል።

ሸራውን 5 በ7 ኢንች ለሚታተም ካርድ ከሆነ በየጎኑ ለቆረጣ 0.125 ኢንች ጨምረሽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ክፈቺው፤ 1,575 በ2,175 ፒክስል ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ሲኤምዋይኬ የተባለውን የኅትመት ቀለም አሠራር የሚፈልግ ከሆነ ሸራውን ስትፈጥሪ ምረጪው፤ በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪን ቀለም አሠራር፣ የተከፈተውን ሸራ ፕሮክሪኤት ውስጥ ኋላ መቀየር አይቻልም። ስሙን በኖቶ ሰሪፍ ጽፈሽ ሌየሩን (ጽሑፉ ያለበትን ድርብ ገጽ) 30 በመቶ አደብዢውና በላዩ ላይ አዲስ ሌየር ከፍተሽ በመቃው ተከተዪው። መጀመሪያ ቋሚዎቹን ብቻ አስምሪ፤ ከዚያ አግድሞቹን፤ አንገትና እግሩን መጨረሻ። ሦስት ጊዜ ጻፊው፤ ሦስተኛው ላይ የታችኛውን ሌየር አጥፊና በራስሽ እጅ ሂጂ። ለዚህ አንድ ማታ ይበቃል። ያ ስም ሌላ ሰው ካርድ ላይ አይገኝም፤ ደንበኛሽም የምትከፍልሽ ለዚያ ነው።

ጌጡም እንደዚሁ ነው። «የአፍሪካ ጥለት» እየተባሉ የሚሸጡ ጥቅሎች ውስጥ የነጠላና የቀሚስ ጥለት የሚመስል ለማግኘት ብትደክሚም እምብዛም አይሳካልሽም። ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ያለውን ነጠላ አውጪና ጥለቱን መስኮት አጠገብ ዘርግተሽ እይው። ጥለት በድርና በማግ የተሸመነ ስለሆነ መሠረቱ እንደ ሒሳብ ደብተር በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ መሣል እጅግ ቀላል ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ትንሽ ፋይል ክፈቺና በ1 ፒክስል የእርሳስ መሣሪያ አንዷን አልማዝ ወይም መስቀል ክር በክር እየቆጠርሽ ሙዪ። ግማሹን ብቻ ሠርተሽ ሌላውን ገልብጪው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ አለ። የፋይሉን ስፋት ተጋማሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 48፣ ካደረግሽውና ግማሹን ከገለበጥሽው የመካከለኛው ክር ሁለት ይሆናል፤ የአልማዙ ጫፍ ሹል መሆኑ ቀርቶ ድፍን ይመስላል። 47 አድርጊው፦ 23 በግራ፣ 1 መካከል፣ 23 በቀኝ። ጥለቱ ሲደጋገምም የዳር ዳሩ ክር በሁለቱም ጎን ካለ መገጣጠሚያው ላይ ይደርባል፤ ስለዚህ አንዱን ዳር አጥፊ። ስታሳድጊው በሙሉ ቁጥር፣ 4 ጊዜ ወይም 8 ጊዜ፣ አሳድጊና የማሳደጊያው ዘዴ ላይ «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ምረጪ፤ ሌላው ዘዴ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ከዚያ ኤዲት ውስጥ «ዲፋይን ፓተርን» በዪና አስቀምጪው። ከአንድ ነጠላ አምስት ስድስት ጥለት ይወጣል። እናትሽ ወይም አክስትሽ ያስቀመጡት የቆየ ቀሚስ ካለ እሱን አስቀድሚ።

ለክርስትና ካርድ ሐረግ (በብራና ገጽ ላይ የሚሣለውን የተጠላለፈ ጌጥ) ከፈለግሽም ቅርብ ነሽ። ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ የጥበብ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ጥሩ ጥሩ የብራናና የመስቀል ስብስቦች አንዱን ይዟል፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጉንዳ ጉንዴ ወንጌልም እዚያ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ የብራናዎቹን ገጾችም በጥራት አንሥቶ በነጻ አቅርቧቸዋል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከ2017 ጀምሮ የባለቤትነት መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም ለፈለገው ሥራ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል። ፎቶውን ቆርጠሽ ከመለጠፍ ይልቅ ሐረጉ እንዴት እንደሚጠላለፍ እያየሽ ባለ አራት ማዕዘን ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ሥሪው፤ አንዱ ክር ከላይ ካለፈ በሚቀጥለው መገናኛ ከታች ያልፋል፣ ሥርዓቱ ይኸው ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ልመና አለን፦ መስቀልና የቅዱሳን ሥዕል ተጠርጎበት በሚጣል ናፕኪን ላይ እንዲታተም ደንበኛ ብትጠይቅሽ ጥለቱን ብቻ አቅርቢላት።

አሁን ስላከማቸሽው። አትሰርዢ፤ መሰረዝ ጸጸት ያመጣል፣ ጸጸት ደግሞ ሌላ ግዢ። አንድ ውጫዊ ዲስክ አዘጋጂና ሁሉንም ወደዚያ አሻግሪ። ፕሮክሪኤት ላይ የብሩሽ ስብስቡን ስም ነክተሽ «ሼር» ስትዪ አንድ ፋይል ይሆናል፤ ፎቶሾፕ ላይ በብሩሽ ሰሌዳው ምናሌ «ኤክስፖርት» አለ። ያወጣሽው ፋይል ተመልሶ መከፈቱን በአንዱ ሞክረሽ ሳታረጋግጪ ከአይፓዱ ምንም አታጥፊ። አይፓዱ ላይ 12 ብሩሽ ይቅር፦ ሁለት እርሳስ፣ ሁለት የቀለም ብዕር፣ መቃው፣ ሦስት የውሃ ቀለም፣ አንድ ደረቅ ብሩሽ፣ አንድ ለስላሳ፣ ሁለት ሻካራ። ፎንቶቹንም የግዕዙን ፈተና ያለፉትንና እንግሊዝኛ ላለበት ካርድ 8 ያህል አስቀርተሽ ሌላውን ከሲስተሙ አውጪ፤ የፎንት ዝርዝሩ ሲያጥር መምረጫው ራሱ ይፈጥናል። ከዲስኩ አንድ ነገር መመለስ ባስፈለገሽ ቁጥር ቀኑንና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ጻፊ። ከ90 ቀን በኋላ ያንን ዝርዝር አንብቢው፤ ከእኛ ምክር ይልቅ እሱ ያስተምርሻል።

ስታሻግሪ ደረሰኝና ፈቃዱን አብረሽ አስቀምጪ። ሻጭ ገበያውን ጥሎ ሊወጣ፣ ገጹም ሊጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ መብትሽን የሚያስረዳልሽ ደረሰኝሽና በገዛሽበት ቀን የነበረው የፈቃድ ጽሑፍ ቅጂ ነው። ለካርድ ሥራ ሦስት ነገር አንብቢ፦ ለሽያጭ ሥራ መዋል ይፈቀዳል ወይ፣ የሚታተመው ቅጂ ብዛት ገደብ አለው ወይ፣ ስንት ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። «ለግል ብቻ» የሚለው በነጻ የሚወርድ ፎንት ላይ በብዛት ስለሚገኝ ዘለሽ አትለፊው። ለማተሚያ ቤት የፎንቱን ፋይል መላክ ደግሞ አብዛኛው ፈቃድ አይፈቅድም፤ ኢለስትሬተር በተባለው የአዶቢ ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን መርጠሽ «ክሪኤት አውትላይንስ» ካልሽው ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል፣ ፎንቱን መላክም አያስፈልግም። ግን ቅርጽ ከሆነ በኋላ ስም ማረም ስለማይቻል የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ። በወር ክፍያ ያልተገደበ ማውረጃ ያላቸው ገበያዎች ላይ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ በሥራ ስም የሚመዘገብ ነው፤ ክፍያሽ ካቆመ በኋላ የድሮውን ፋይል ለአዲስ ሥራ መጠቀም ላይፈቀድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማከማቻ ብሎ ማውረድ ጨርሶ ትርጉም የለውም።

ከዚህ በኋላ መግዛት ክልክል ነው አንልሽም። የታዘዘ ሥራ ኖሮ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለሽ፣ ባለሽ ዕቃ 30 ደቂቃ ሞክረሽ ካልሆነ ግዢ። የሚጎድለውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፤ «ለገጽ 7 የዝናብ ጠብታ ያለበት መስኮት» ማለት ጉድለት ነው፣ «የሚያምር የውሃ ቀለም» ማለት ጉጉት ነው። ለአንድ ሥራ የሚወጣው ከሥራው ዋጋ አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ በ125 ዶላር ካርድ ላይ 12 ዶላር ከ50 ማለት ነው። ደንበኛዋ ራሷ አንድ የተለየ ፎንት ካለች ፈቃዱን በደረሰኙ ላይ ለብቻው አስፍረሽ አስከፍያት። ሥራ ለሌለው ነገር ደግሞ ደብተሩ ላይ ስሙን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፈሽ 10 ቀን አቆዪው። በነጻ የሚሰጠውንም እንዲሁ፤ በየሳምንቱ የሚታደለው ነጻ ፋይል ወደ መደብሩ ደጃፍ መልሶ የሚወስድሽ እሱ ነው።

የካርድ ቁጥርሽን ከየመደብሩና ከአሳሽሽ አጥፊ። ተነሥተሽ ቦርሳሽን ፈልገሽ 16 ቁጥር መጻፍ ካለብሽ እኩለ ሌሊት ላይ ያ ትንሽ ድካም ብዙ ያድናል። ኢሜይሉን ግን «አግድ» አትበዪው። ደረሰኝና የተሻሻለ ፋይል የሚመጣው ከዚያው አድራሻ ሊሆን ስለሚችል መደብሩ ውስጥ ባለሽ መለያ ገብተሽ የማስታወቂያውን ብቻ አጥፊ። በቅርቡ ገዝተሽ ያላወረድሽው ካለ ደግሞ ሳታወርጂ ጻፊላቸው፤ አንዳንድ መደብር ያልወረደውን ገንዘቡን ይመልሳል፣ የወረደውን ግን በአብዛኛው አይመልስም።

ስለ 640 ዶላሩ። የካርድሽ ወለድ በዓመት 24 በመቶ ቢሆን በወር ወደ 13 ዶላር ለወለድ ብቻ ይሄዳል። ለጥቅል ታወጪ የነበረው በወር በአማካይ 133 ዶላር ነው፤ ያንኑ ወደ ካርዱ ብታዞሪው በ5 ወር ገደማ ያልቃል። ለባለቤትሽ ንገሪው። ሲያውቅ ሳይሆን አንቺ ስትነግሪው ይሁን። ከመንገርሽ በፊት ሦስት ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ያወጣሽው፣ የቀረው ዕዳ፣ የሚያልቅበት ወር። ወረቀቱ ካለ ንግግሩ ከ«ለምን» ቶሎ ወደ «እንዴት» ይሻገራል። ዕዳው ካለቀ በኋላ 133 ዶላሩን ሥራ ፈት አታድርጊው፤ የምታምኛቸው ሰዎች ያሉበት እቁብ ካለ ግቢ። እቁብ ቀኑ ሲደርስ የሚጠይቅሽ ሰው አለ፤ ገንዘቡም ከእጅሽ ቀድሞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ተደብቀሽ የምትገዢ ከሆነ፣ ወይም ብሩሹ ቀርቶ ልብስና ጌጥ ከተካው፣ ነገሩ የሥዕል ዕቃ ጉዳይ አይደለምና የሚያዳምጥሽ ባለሙያ ፈልጊ። መሥሪያ ቤትሽ ለሠራተኛ የሚሰጠው የምክር አገልግሎት ካለ ከእሱ ጀምሪ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

በገንዘብ ግዢ ብለን አፋችንን ሞልተን የምንመክርሽ ነገር አንድ ነው፦ የሙከራ ኅትመት። ቀጣዩን ካርድ ከመጨረስሽ በፊት በመቃ የጻፍሽውን ስምና የነጠላውን ጥለት ደንበኛዋ በመረጠችው ወረቀት ላይ አንድ ቅጂ አሳትሚና ጥለቱ ላይ ያሉት ክሮች ተለይተው መታየታቸውን በቀን ብርሃን እይ። ክሮቹ ከተዋሃዱ ከ4 ጊዜ ወደ 8 ጊዜ አሳድጊው። የመቃው ብሩሽ አሻፈረኝ ካለሽ ደግሞ የሼፑንና የስፔሲንጉን ገጽ በስልክሽ አንሥተሽ ከጻፍሽው ስም ጋር ላኪልን፤ የቱ ቁጥር እንደሆነ እናሳይሻለን።